የቮልሴን ቸርኬ ቤት ውስጥ የቀባሁባቸው ዕቃዎች፦ ኢፖክሲው ዋጋውን ያወጣል፣ የስፕሬይ ክሊሩ ግን አያወጣም

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልናገር፣ ዝርዝሩን ሚፈልግ ደሞ እስከታች ያንብብ። የድሮ መኪና ካላችሁና ቸርኬውን ጋራዥ ሳትወስዱ ግቢያችሁ ውስጥ ራሳችሁ መቀባት ካሰባችሁ ብራችሁ መሄድ ያለበት ከላይ ሚታየው ቀለም ላይ አይደለም፣ ከስሩ ሚገባው ላይ ነው። እኔ ለቮልሴ የገዛሁት ዝገት ማጥፊያ ፈሳሽ፣ ባለ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ብረቱ ላይ ሚቀባው)፣ ክሬምና ጥቁር ስፕሬይ ቀለም እና የስፕሬይ ክሊር (ከቀለሙ በላይ ሚረጨው ቀለም የሌለው ማብሪያ) ነው። ከነዚህ ውስጥ ኢፖክሲውን ነገም ከነገ ወዲያም ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ስፕሬይ ቀለሙ ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው፣ ክሊሩ ላይ ግን ማንም ብሩን እንዳያወጣ ነው ምመክረው። ጎማውን ያወለቀልኝን ጎሚስታም አነሳዋለሁ፣ ምክንያቱም የሱ ስራ ጥሩ ባይሆን የኔ ቀለም ምንም ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ለምን ቤት ውስጥ ላላችሁኝ፣ ምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከአሸዋ ሜዳ ትንሽ ገባ ብሎ። ፎርኖ (የቀለም ማድረቂያ ክፍል) ያላቸው ቀለም ቤቶች ለሙሉ መኪና ነው ሚጓጉት፣ ቸርኬ ብቻ ይዛችሁ ስትሄዱ ትንሽ ስራ ስለሆነ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይከርማል፣ ወይ ደሞ ጎማው ሳይወልቅ ጋዜጣ ለጥፈው ላዩን ብቻ ይረጩላችኋል። እኔ ደሞ ላዩ ብቻ እንዲያምር አልነበረም ምፈልገው። አዲስ ቸርኬ ግዢ የሚለው ምክርም ቀላል አይደለም። ቮልስ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ነው፣ የመጨረሻዋም ሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፣ ስለዚ ዕቃው በአለም ላይ ሞልቷል፣ ግን የቀደሙት ባለ አምስት ብሎን ናቸው፣ የብሎኖቹ ክብ 205 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኞቹ ደሞ አራት ብሎን በ130 ሚሊ ሜትር። ሶማሌ ተራ ዞራችሁ ያገኛችሁት ቸርኬ አራት ቀዳዳ ከሆነ የፈለገ ቢያምር ባለ አምስቷ ላይ አይገባም። የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደሞ እጃችን ላይ ያለችውን መኪና እንደ ልጅ መያዝ ነው ያለብን፣ ከፋብሪካዋ ጋር የመጣ ቸርኬ ብረቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ማዳን ነው እንጂ መጣል የለም።

አሁን ጎሚስታው። ሰፈራችን ዋናው መንገድ ዳር ነው ሚሰራው፣ ትንሽ ቆርቆሮ ቤት፣ ኮምፕሬሰሯ ውጪ። ብዙ ቦታ ጎማ በማሽን ነው ሚወልቀው፣ ማሽኑ ደሞ ለዘመናዊ ቸርኬ ጥሩ ነው፣ የድሮ ብረት ቸርኬን ግን ያዥው ጠርዙ ላይ ሲነክሰው ያበላሸዋል፣ እና ይሄ ልጅ ገና ሲያያት "እህቴ ይቺን በእጅ ነው ማወልቃት፣ ጠርዟ እንዳይጣመም" አለኝ። በሁለት ብረት፣ ከስር ጨርቅ እያደረገ፣ የሳሙና ውሃ እየቀባ፣ ምንም ሳይቸኩል አወለቀው። ካላማዳሪውንም ሳይቆነጥጠው አወጣው፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አየና የቱ ደህና እንደሆነ የቱ እንደማያስተማምን ለየልኝ። የከፈልኩት ለተራ ጎማ ጥገና ከምከፍለው ብዙም አልበለጠም፣ ጉርሻ ጨመርኩለት፣ ይገባዋል። ለጎሚስታ ስትሰጡ ይሄን ብቻ ጠይቁ፦ በእጅ ነው ወይስ በማሽን ምታወልቀው? መልሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ጎማ ካልወለቀ ቸርኬ መቀባት ምንም ጥቅም የለውም ምለው ለጌጥ ብዬ አይደለም። ዝገቱ ሚጀምረው ከውስጥ ነው፣ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ሚጣበቅበት ቦታና ካላማዳሪው ሚያርፍበት ጎድጓዳ። እዛ ያለው ዝገት ቅርፊት ሆኖ ሲነሳ ካላማዳሪውን እየፈተገ ይበሳዋል፣ እናንተ ደሞ ሚስማር ነው እያላችሁ በየጊዜው ጎሚስታ ጋ ትመላለሳላችሁ። አንዳንድ ሰው ካላማዳሪ አውጥቶ ቲዩብለስ ያደርገዋል፣ እሱን አልመክርም፣ የድሮ ቸርኬዎች የጎማውን ጠርዝ ቆልፎ ሚይዘው ጉብታ ላይኖራቸው ይችላል፣ እሱ በሌለበት ንፋሱ ቀነስ ካለ ኩርባ ላይ ጎማው ከጠርዙ ሊላቀቅ ይችላል። ካላማዳሪውን ይዛችሁ ቀጥሉ። ሌላው ደሞ ጎማው ወልቆ ሳለ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያና መሀሉ ከዳሩ ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ስንጥቅ መኖሩን በደንብ ማየት ነው። ቸርኬውን በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ተጠራጠሩ፣ ስንጥቅ ካገኛችሁበት ደሞ ብየዳ አይሞከርም፣ ከአገልግሎት ውጪ ነው፣ ቀለም እዛ ላይ ማባከን ሳይሆን ሰው ሚጎዳበትን ነገር መደበቅ ነው ሚሆነው። የኔዎቹ ደህና ነበሩ፣ ተመስገን።

ማፅዳቱ ላይ ብዙ አላወራም፣ ጉልበት ነው። መጀመሪያ ግራሶውንና የፍሬን አቧራውን በናፍጣ፣ ከዛ በኦሞና በሙቅ ውሃ፣ ከደረቀ በኋላ በቲነር። ቅባት ሳይለቅ የብርጭቆ ወረቀት ከጀመራችሁ ቅባቱን ብረቱ ውስጥ እያሻሻችሁት ነው ማለት ነው። ከዛ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዛ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ 180። ሳንድብላስት (በአየር ግፊት አሸዋ እየረጩ ማፅዳት) ሚሰሩ ቦታዎች አሉ፣ ለቸርኬ በጣም አሪፍ ነው፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ ያፀዳል፣ ግን ሁለት ነገር አስቡ፦ አንደኛ ከአሸዋው የወጣ ራቁት ብረት በኛ አየር በተለይ ጠዋት ጠዋት እርጥበት ባለበት ሰአት ወዲያው ቡናማ መሆን ይጀምራል፣ ስለዚ በዛው ቀን ፕራይመር መግባት አለበት። ሁለተኛ ተራ አሸዋ ሚጠቀሙ ከሆነ አቧራው ሳንባ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፣ ሰራተኞቹ በነጠላና በሻርፕ አፋቸውን ጠቅልለው ሲሰሩ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዛ አትቁሙ።

ዝገት ማጥፊያው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሚሸጥ። ስራው ቀይ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት መቀየር ነው፣ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በደንብ ይሰራል፣ የሽቦ ብሩሹ ማይደርስባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ያለውን ዝገት ይይዘዋል፣ ዋጋውም አይከብድም። ሻጮች ማይነግሯችሁን ግን ልንገራችሁ፦ ከሱ በኋላ ኢፖክሲ ምትቀቡ ከሆነ አሲዱ በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወረቀት ላላ ተደርጎ መነካት አለበት። የቀረ አሲድ ካለ ኢፖክሲው እዛ ቦታ ላይ በደንብ አይጠነክርም፣ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፣ በኋላ በጥፍር ይነሳል። ጓንትና መነፅር ደሞ ግዴታ ነው፣ ብሩሹ ሲፈናጠር አይን ውስጥ ሚገባ ነገር ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ኢፖክሲው። መርካቶ ቀለም ቤት ገብቼ መጀመሪያ የጠየቅኩት እንደማንኛውም ሰው አንቲረስት (ተራውን የዝገት መከላከያ ቀለም) ነበር፣ ያው ቀዩን። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ጠየቁኝና ለቸርኬ ስላቸው ጣሳውን መልሰው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ ይሄ ለአጥር በር ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። ቸርኬ ጭቃ ውስጥ ሚውል ነገር ነው፣ ይሄን ውሰጂ" ብለው ሁለት ጣሳ አወጡልኝ፣ አንዱ ግራጫ ቀለም ሌላው ትንሹ ሃርድነር (ማጠንከሪያው)። እሺ ጋሼ አልኩ ግን ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ከአንቲረስቱ በጣም ይወደዳል። እውነታቸውን ነው ግን። ተራው ባለ አንድ ጣሳ ፕራይመር ቲነሩ ተንኖ ሲደርቅ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኖሩታል፣ እርጥበት በነዛ እየገባ ብረቱ ጋ ይደርሳል፣ ከላይ ያለው ቀለም ሳይነካ ከስር ያዝጋል፣ ከዛ እንደ ሽፍታ ነገር እያበጠ ይፈነዳል። ኢፖክሲ ግን ሁለቱ ጣሳዎች ሲቀላቀሉ በኬሚካል እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ ቲነር እንኳን መልሶ አያሟሟውም፣ ብረት ላይም በጣም ይነክሳል። የመርከብና የድልድይ ብረት ላይ ሚቀባውም ያው ኢፖክሲ ነው፣ ምክንያቱም ይሄው ነው።

ሌላ ደሞ ኢፖክሲን ሚያስወድድ ጥቅም አለው። የድሮ መኪና ቸርኬ ላይ ምን ቀለም እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ባለፉት አመታት አንዱ ሲንተቲክ (የዘይት ቀለም) ቀብቶታል፣ ሌላው ኒትሮ (ቲነሩ ሲተን ቶሎ ሚደርቀውን)። ሲንተቲክ ቀለም ላይ ኒትሮ ስትረጩበት የኒትሮው ቲነር የታችኛውን ያነሳውና እንደ እባብ ቆዳ ይጨማደዳል፣ ይሄን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ኢፖክሲው በደንብ ከጠነከረ በኋላ መሀል ላይ ገብቶ ይለያቸዋል። ያም ሆኖ የላላ አሮጌ ቀለም ላይ ምንም አይሰራም፣ የያዘው ነገር ራሱ ከተነሳ አብሮ ነው ሚነሳው፣ ስለዚ ሚፋቀው ሁሉ ይፋቅ።

አቀባቡ ላይ ጣሳው ላይ የተፃፈውን ማንበብ እንጂ የሰው ወሬ መስማት አያስፈልግም። አንዱ ፋብሪካ አራት ለአንድ ይላል፣ ሌላው አንድ ለአንድ፣ በአይን ገምቶ መቀላቀል አይሆንም፣ ሃርድነር ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል ሚሉ ሰዎች አሉ፣ አይደለም፣ መጠኑ ሲዛባ ወይ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል ወይ ተሰባሪ ይሆናል። በሲሪንጅ ለኩት፣ ፋርማሲ ሚሸጠው ትልቁ ሲሪንጅ። አንዳንዱ ኢፖክሲ ከተቀላቀለ በኋላ ሩብ ሰአት ግማሽ ሰአት መቀመጥ አለበት፣ እሱም ጣሳው ላይ አለ። እኔ በመርጫ ሳይሆን በጥሩ ብሩሽ ነው የቀባሁት፣ ያውም ሆን ብዬ፣ ምክንያቱም በብሩሽ ስትቀቡ ወደ ጉድጓዱ ታስገቡታላችሁ፣ ወደ አየር ሚሄደው ጭጋግ የለም፣ መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰር መሀል ላይ ቆመ ሚባል ነገርም የለም። የብሩሹ መስመር ከደረቀ በኋላ በ320 ውሃ ወረቀት ይስተካከላል፣ ውስጡ ደሞ ጎማ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። አንድ ቦታ ላይ ግን ደረብ አድርጋችሁ ቀቡ፣ የክሮሙን ክዳን ሚይዙት ትንንሽ ስፕሪንጎች አካባቢ። ክዳኑ በገባ በወጣ ቁጥር እዛ ጋ ይፋቃል፣ ዝገት ከፊት ለፊት ሚጀምረው ሁልጊዜ ከዛ ነው።

አየሩ። ይሄን ማንም የከተማ ሰው አይነግራችሁም ግን ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ እንጦጦ ጀርባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከፍታችን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ቀን ፀሀዩ ያቃጥላል ሌሊት ደሞ ይበርዳል። ኢፖክሲ ብርድ ይጠላል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ብዙው አይነት መጠንከሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚ ጠዋት ጤዛው ከረገፈ ብረቱም ሞቅ ካለ በኋላ ቀቡ፣ ከሰአት ሳይመሽ ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ሳሎንም ቢሆን ኮሪደርም ቢሆን፣ ብቻ ሽታው እስኪወጣ መስኮት ይከፈት፣ ህፃን ያለበት ክፍል አይሆንም። ቀጥታ ፀሀይ ላይም አይሁን፣ ላዩ ቶሎ ይቆዳና ውስጡ ያለው ቲነር መውጫ ያጣል። ክረምት ላይ ጭራሽ አታስቡት። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው፣ የካቲት መጋቢት ንፋሱና አቧራው ይጀምራል፣ እርጥብ ቀለም ላይ ገለባ ሳይቀር ያርፋል። ከኢፖክሲው ወደ ቀለሙ ስትሄዱም ጣሳው ላይ የተፃፈ ሰአት አለ፣ ከሱ ካሳለፋችሁት ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ማደብዘዝ አለባችሁ ያለዚያ ቀጣዩ ቀለም አይዝም።

እዚ ጋ ቆም ልበል ምክንያቱም ይሄ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ቮልስ ቸርኬዋ ሚታሰረው በዳዶ ሳይሆን ራሱ እየዞረ በሚገባ ብሎን ነው። የብሎኑ ጭንቅላት ሚቀመጥበት ክብና ቸርኬው ከጀርባ ከፍሬን ታምቡሩ ጋር ሚገጥምበት ፊት ላይ ወፍራም ቀለም መኖር የለበትም። ቀለም ስር ተይዞ ብሎን ስታጠብቁ የጠበቀ ይመስላል፣ ከዛ ስትነዱ ቀለሙ ይደቅና ይሳሳል፣ ብሎኑ ሳይዞር እንኳን ጥብቀቱን ያጣል። ቸርኬ በመንገድ ላይ ሚፈታው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እኔ ሁለቱም ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ነው ኢፖክሲም ቀለምም የቀባሁት፣ በመጨረሻ ቀጭን የፕራይመር ሽፋን ብቻ በጨርቅ አስነካኋቸው ዝገት እንዳይዛቸው። ስትገጥሙ ደሞ ብሎኖቹን በኮከብ ቅርፅ ነው ማጥበቅ፣ አንዱን ዘለል እያላችሁ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ መጀመሪያ በእጅ አስገብታችሁ፣ ከወረደ በኋላ በመፍቻ። ከዛ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ድጋሚ ፈትሹት። ለሌላ ሰው አስቀብታችሁ ከሆነ ቸርኬውን ስትረከቡ መጀመሪያ ምታዩት የብሎን መቀመጫውን ይሁን፣ ቀለም ተደርድሮበት ካያችሁ አስፍቁት፣ አያስፈልግም ቢሏችሁ እንዳትሰሟቸው። መኪናዋንም በክሪክ ብቻ አቁማችሁ አትሂዱ፣ ከስር ወፍራም ግንድ ወይም መቆሚያ ይግባ፣ በተለይ ግቢያችሁ አፈር ከሆነ።

ስፕሬይ ቀለሙ ላይ ደስ የሚል ነገር ነው ያለኝ። የፋብሪካው የድሮ ኮዶች አሉ፣ ኤል 41 ጥቁሩ ነው፣ ኤል 87 ፐርል ዋይት ሚባለው ክሬም ያለ ነጭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለት ቀለም ከነበራቸው የቮልስ ቸርኬዎች አንዳንዶቹ ሚወጡት በነዚህ ነበር። ትክክለኛውን ኮድ ቀለም ቤት ማስቀመም ይቻላል ግን ለዛ መርጫና ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል፣ እኔ ተራ ክሬም ስፕሬይ ነው የወሰድኩት፣ ከቸርኬው ክሮም ክዳን ስር ከቀረው ኦሪጅናል ቀለም ይዤ ሄጄ ፀሀይ ላይ አስተያይቼ። የስፕሬይ ጣሳውን ክዳን ቀለም አትመኑ፣ ካርቶን ላይ አስረጭታችሁ ነው ማየት፣ ስሙ ክሬም የሚል ሆኖ ቢጫ ሚሆን አለ። ዳሩን ክሬም መሀሉን ጥቁር አድርጌዋለሁ፣ ፈዛዛው ቀድሞ ሁሉም ላይ ይገባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዛ ተሸፍኖ ጥቁሩ። ጣሳውን ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል መነቅነቅ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹንና ጠርዞቹን ከዛ ሰፊውን ፊት፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ በየመሀሉ አስር ደቂቃ ምናምን አሳርፎ። ቸርኬውን አጋድማችሁ ስትረጩት አይንጠባጠብም፣ ባሮጌ ባልዲ ላይ አስቀምጣችሁት እያዞራችሁ ስትረጩ ሁሉም ጎን እኩል ይደርሰዋል። አፉ እንዳይዘጋ ስትጨርሱ ጣሳውን ገልብጣችሁ አየር ብቻ እስኪወጣ ተጫኑት። ቀለሙ ጥሩ ይሸፍናል፣ ያበራል፣ ጠጠር ሲመታው ግን ይፈነጠራል፣ የኛ ሰፈር ኮብልስቶንና ጥርጊያ መንገድ ደሞ ጠጠር ነው፣ ሆኖም ሲፈነጠር ከስር ሚታየው ግራጫው ኢፖክሲ ነው እንጂ ብረት አይደለም፣ እዛው ጋ በጥጥ እንጨት አስነክታችሁ ታልፋላችሁ።

ክሊሩ ግን አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ሲረጭ በጣም ያምር ነበር። ባለ አንድ ጣሳ ተራ ክሊር ነው፣ ላዩ ላይ ለመኪና ተብሎ የተፃፈበት። ችግሩ ቤንዚን ነው። እነዚህ ክሊሮች ምንም ማጠንከሪያ ስለሌላቸው በደረቁ በሳምንታቸውም ቢሆን ቤንዚን የነካ ጨርቅ ሲያርፍባቸው ይለሰልሳሉ፣ ጨርቁ ላይ ይመጣሉ። መኪና አጣቢ ጋ ስትሄዱ ደሞ ልጆቹ ከስር ናፍጣ ይረጫሉ፣ ጎማና ቸርኬም እንዲያበራ ብለው ቤንዚን በነካ ጨርቅ ያሹታል፣ ለናንተ ብለው ነው፣ እና ክሊሩ ደብዝዞ ጉም ጉም ብሎ ተመለሰ። ክሊር ያልነካው ጥቁሩ መሀል አሁንም ጥርት ያለ ነው፣ ክሊር ያለበት ክሬም ዳር ነው የደበዘዘው፣ ጎን ለጎን ይታያል። ቤንዚን ሚቋቋመው ባለ ሁለት ክፍሉ ስፕሬይ ነው፣ ከስሩ ቁልፍ ያለው፣ ስትጫኑት ሃርድነሩ ውስጥ ይለቀቅና ይቀላቀላል፣ ከዛ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጨረስ አለባችሁ። ግን እሱ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሚባል ኬሚካል አስም ሚያመጣ ነው፣ ለኮቪድ የገዛነው ማስክ ምንም አያደርግለትም፣ የኬሚካል ትነት ሚይዝ ባለ ፊልተር ማስክ፣ ጓንትና ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከውጭ ሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ያምጣልኝ እንዳትሉም፣ ቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ስለዚ የኔ ምክር ክሊሩን ሙሉ ለሙሉ ተዉት ነው፣ የድሮ ብረት ቸርኬ ከፋብሪካም ሲወጣ ተራ ቀለም እንጂ ክሊር አልነበረውም፣ ሳይኖረው ነው ሚያምረው። ክሬም ዳሩን በ600 ውሃ ወረቀት አሽቼ ያለ ክሊር ድጋሚ እረጨዋለሁ፣ እሱ ቀላል ስራ ነው።

አሁን ክረምት አልፎበታል፣ ቡራዩ ክረምት ምን እንደሚመስል ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከበር እስከ አስፋልት ድረስ ጭቃ ነው። ኢፖክሲ ያላቸው አራቱም ቸርኬዎች ጎማ አስወልቄ አይቻቸዋለሁ፣ ያው ጎሚስታ ነው ያወለቀው፣ ውስጣቸው ንፁህ ግራጫ ነው፣ አንድም ቡናማ ነጥብ የለም። ስኮርታዋ ደሞ ማስረጃ ሆነችልኝ። ስኮርታዋ ከመኪናዋ ጋር ከድሮ ጀምሮ የነበረች፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ በተራው ቀይ አንቲረስት የተቀባች ናት፣ ከኮፈኑ ስር ደረቅ ቦታ ተቀምጣ ነው ምትኖረው፣ መንገድም አትነካም፣ ግን ጠርዟ ላይ ቀለሙ አብጦ ሲነካ ይፈረፈራል፣ ከስሩ ዝገት። ቮልስ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ብዙዎቹ ላይ የመስታወት ውሃ መርጫው ግፊቱን ሚያገኘው ከስኮርታው ንፋስ ነው፣ ስለዚ ስኮርታው ቸርኬ በዝገት ምክንያት ካላማዳሪውን እየበሳ ንፋስ ከጨረሰ ዝናብ ላይ መስታወታችሁንም አታጥቡም። ቀጣይዋ ተራ የሷ ናት።

ግዢ ላይ፣ ከኢፖክሲው ትንሹን መጠን ውሰዱ፣ ለአምስት ቸርኬ ይበቃል ይተርፋልም። ሃርድነሩ ጣሳ ክዳኑ ዝገት ወይም እብጠት ካለው አትቀበሉ፣ የተመረተበትንም ቀን እዩ፣ ሱቅ ውስጥ የቆየ ሃርድነር እርጥበት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ምትፈልጉትን ያህል ብቻ ነው መቀላቀል፣ የተቀላቀለው ተመልሶ ወደ ጣሳ አይገባም። እኔ ሳልቀላቅለው የተረፈኝን ከኋላ ወንበር ስር ባትሪው ሚቀመጥበት ወለል ላይ ተጠቀምኩበት፣ ቮልስ ላይ ባትሪው እዛ ስለሆነ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል፣ ባትሪውን አውጥታችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ልክ እንደ ቸርኬው አፅድታችሁ ቀቡት፣ ከላዩ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አድርጉና ባትሪውን መልሱት።